ከማደንዘዣው በፊት የተፈረመው ትእዛዝ

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ በምስክሮች ጥበቃ ውሳኔ መሠረት ተለይቶ ተይዟል፤ በመዝገቡ «አራተኛው ምስክር» ይባላል
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ የማደንዘዣ ሕክምና ስፔሻሊስት ሐኪም
የቤተሰብ ሁኔታ፦ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባት
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የልዩ ወንጀሎች ምርመራ ክፍል

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር በሐሰት መመስከር የሚያስከትለው ቅጣት ተነግሮኝ፣ ከተጠርጣሪዋ ጋር ዝምድናም ጠብም እንደሌለኝ ለመርማሪው ካረጋገጥኩ በኋላ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪዋ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናቸው። የታሰሩበት ምክንያት፣ እንደተነገረኝ፣ ፕሬዚዳንቱ በማደንዘዣ ደንዝዘው ሳለ የሚፈርሙትን ሳያውቁ አንድ ትእዛዝ አስፈርመዋቸዋል የሚል ነው። ትእዛዙ ለመጠባበቂያ ክምችት የተበላሸ እህል መገዛቱን ሲያጣራ የነበረውን የምክር ቤቱን ኮሚሽን የሚዘጋና የኮሚሽኑ ሰብሳቢ እንዲያዙ የሚያዝ መሆኑን እንደማንኛውም ሰው ከዜና ሰምቻለሁ። ምክር ቤቱ በዚሁ ምክንያት ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን ለማንሳት ክስ መክፈቱንም እንዲሁ። በዚያ ዕለት ማደንዘዣውን የሰጠሁት ሐኪም እኔ ነኝ።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት የቃሌን ወሰን ማስመዝገብ እፈልጋለሁ። ሐኪም እንደመሆኔ የታካሚዬን ምስጢር ያለ ፈቃዱ የማውጣት መብት የለኝም። ይሁንና የፕሬዚዳንቱ ጠበቃ ባለፈው ሳምንት በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው፣ ደንበኛቸው በዚያ ዕለት ሆስፒታል እንደነበሩና ሲፈርሙ አእምሯቸው በመድኃኒት ደንዝዞ እንደነበር በደንበኛቸው ስም ተናግረዋል። የሐኪሞች የሥነ ምግባር ጉባኤን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ፣ ታካሚው ራሱ በአደባባይ ባነሳው ጉዳይ ላይ፣ በዚያው ልክ ብቻ፣ ልናገር እንደምችል ነው። ስለዚህ የምናገረው መድኃኒቱ መቼ እንደተሰጠና ከዚያ በፊት ምን እንዳየሁና እንደሰማሁ ነው። መርማሪው የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት ጠይቆኝ አልመለስኩም። «አገሩ ሁሉ ሐሞት ነው እያለ አይደል እንዴ፣ ዶክተር?» አለኝ። አገሩ ሊል ይችላል፣ እኔ ግን አልልም አልኩ። «ጎረቤቴ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሐሞት አልነበራቸውም ይላል» ብሎ ሳቀ። ይህ እንዲጻፍ የጠየቅሁት ሳልመልሰው የቀረሁት ጥያቄ መኖሩ እንዲታወቅ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ቀን ነው። ፕሬዚዳንቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በሆስፒታሉ የኋላ በር ገቡ። አብረዋቸው የነበሩት ሴት ልጃቸው፣ ጸሐፊዋና አንድ ጠባቂ ናቸው። ጠባቂው ከሕንፃው ውጭ ቀረ። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባታቸው በፊት የምንቀበላቸው የመዘጋጃ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሁለት ባለ ጎማ አልጋዎች፣ በመካከላቸው መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ የተቆለፈ የመድኃኒት ሳጥን አለ። የሳጥኑ ቁልፍ በአንገቴ ላይ ነበር። ሁለተኛ ቁልፍ የለውም። ሁለተኛው አልጋ ባዶ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሆስፒታሉ ሠራተኛ አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች።

በመጀመሪያ በግራ እጃቸው የደም ሥር ላይ መርፌ አስገብቼ አንድ ከረጢት የጨው ውሃ አያያዝኩ። ሰው ሁሉ በደፈናው ግሉኮስ የሚለው ነው። ይህን ከምንም በፊት የማደርገው ሌሊቱን ምግብና ውሃ ሳይቀምስ ያደረ ሰው ደም ሥሩ ስለሚሸሽ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ከውሃና ከጨው በቀር ምንም አልነበረም፤ እኔም ምንም አልጨመርኩበትም።

ከዚያ ለማንኛውም ታካሚ እንደማደርገው ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ዓመትና ለምን እንደመጡ ጠየቅሁ። በትክክል መለሱ። እንቅልፍ የሚያመጣ ወይም የሚያረጋጋ ነገር ወስደው እንደሆነ ስጠይቃቸው እንዳልወሰዱ ነገሩኝ። በዚህ ነጥብ ላይ የማውቀው የነገሩኝን ብቻ ነው። ሆኖም ንግግራቸው የጠራ፣ ዓይናቸው የነቃ፣ መልሳቸውም ፈጣን እንደነበር እመሰክራለሁ።

ቀጥሎ ለሁሉም የምሰጠውን ምክር ሰጠኋቸው። ይህ ምክር ከመድኃኒቱ በፊት መሰጠት አለበት፤ በኋላ ቢነገር የሚያስታውሰው ታካሚ ጥቂት ነው። እስከ ነገ በዚህ ሰዓት መኪና እንዳይነዱ አልኳቸው። «መሪ ከሆንኩ ወዲህ መሪ ጨብጬ አላውቅም» አሉና ልጃቸውም ነርሷም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምድጃ አጠገብ ብቻዎን እንዳይሆኑ አልኳቸው። «እሱንም ባለቤቴ አስቀድማ ከልክላኛለች» አሉ። ቀጥዬ እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ምንም ዓይነት ሰነድ እንዳይፈርሙ ነገርኳቸው።

በዚህን ጊዜ ሳቁን ተዉት። «ለምን?» አሉኝ።

ከማደንዘዣ የተነሣ ሰው ነቅቻለሁ ይላል እንጂ ፍርዱ ወዲያው እንደማይመለስ፣ ቤቱን ሸጦ በማግስቱ ማን ሸጠው ብሎ የጠየቀ ሰው እንደማውቅ ነገርኳቸው። ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ «ሰማሽ? ተኝተህ ተነሥተህ አትፈርም ነው የሚለኝ። እንግዲያው ሳልተኛ ልፈርም! አምጪው ያንን» አሏቸው።

ጸሐፊዋ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ግን አልሄዱም። «ጌታዬ፣ የሕግ አማካሪው ገና አላዩትም። ነገ አይተውት…» ብለው ጀመሩ።

«ነገማ ዶክተሩ እጄን አሰረው።»

«ከነገ ወዲያስ ቢሆን?»

«ከነገ ወዲያ እኔኑ ራሴን ነው የሚያጣሩኝ። አንቺ የእኔ ጸሐፊ ነሽ የአማካሪው? አምጪው አልኩሽ።»

ጸሐፊዋ ከክፍሉ ወጡ። ስለ ምን ሰነድ እንደሚነጋገሩ በዚያን ጊዜ አላወቅሁም፤ መጠየቅም አልተገባኝም። ጸሐፊዋ ሰማያዊ ማኅደር ይዘው ተመለሱ። ፕሬዚዳንቱ ከአንገታቸው ቀና እንዲሉ ነርሷ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረገችላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡ። ወረቀቱን እኔ አላነበብኩም። የሰማሁት ግን ይህን ነው። «ነገ ይያዝ ይላል። ዛሬ አድርጊው» አሉ። ጸሐፊዋ «ጌታዬ፣ ነገ ያሉኝ እኮ እርስዎ ነዎት» አሉ። «ነገ የምፈርመው መስሎኝ ነዋ! ሰውየው የዛሬዋን ሌሊት ቤቱ ካደረ ሪፖርቱን በቃሉም ቢሆን ይወጣዋል። ዛሬ በይው።» ጸሐፊዋ እጃቸውን ሳይዘረጉ ስለቆዩ ፕሬዚዳንቱ ብዕሩን ራሳቸው አንሥተው አንድ ነገር ሰረዙ፣ ከላዩ ጻፉ፣ ከዚያም ፈረሙ። የፈረሙት በቀኝ እጃቸው ነው። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ሴት ልጃቸው በዚህ መካከል ከመጋረጃው አጠገብ ተነሥታ ስልኳን አወጣች። «አባባ፣ መርፌ ተሰክቶብህም ሥራ? ቆይ ለእማዬ ልላክላት። እሷ ዐርፎ ተኝቷል ብላ ነው የምትጸልየው» አለች። አባቷም ቀና ብለው «በደንብ አድርገሽ አንሺኝ፤ በሽተኛ እንዳልመስል» አሏት። ብዕሩንና ወረቀቱን እንደያዙ አነሣቻቸው። ዛሬ መርማሪው ያሳየኝና በየቦታው የተሰራጨው ፎቶግራፍ ይኸው ነው። ከእሷ ስልክ ወደ ማን እንደሄደና እንዴት አደባባይ እንደወጣ አላውቅም፤ መገመትም አልፈልግም። ነገር ግን ፎቶግራፉን አሾልካለች ተብላ ከሥራ የታገደችው ነርስ በዚያች ደቂቃ ሁለት እጆቿ አልጋው ራስጌ ላይ እንደነበሩ፣ ከፎቶግራፉም ጠርዝ ላይ ጣቶቿ እንደሚታዩ ለመርማሪው አሳይቻለሁ። ጣትሽን ፎቶ እያስነሣሽ ፎቶውን እንዴት ታነሺያለሽ የሚላት ሰው አለመገኘቱ ገርሞኛል።

ጸሐፊዋ ማኅደሩን ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ገቡ። እሳቸው የሆስፒታሉ ኃላፊና በዩኒቨርሲቲ የእኔ መምህር የነበሩ ናቸው። ስለ ቀዶ ሕክምናው አስረድተው የፈቃድ ወረቀቱን አቀረቡ። ፕሬዚዳንቱ ሁለት ጥያቄ ጠይቀው ፈረሙ። ቀዶ ሐኪሙ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ።

አሁን የምናገረው በክፍላችን ያለውን የአሠራር ቅደም ተከተል ነው። ማንኛውም ታካሚ የሚያረጋጋው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት መነጽሩን፣ ሰዓቱን፣ ቀለበቱን ያወልቃል፤ ነርሷ ለቤተሰብ ታስረክባለች፤ ከዚያም ጮክ ብላ «ዕቃ ወጥቷል» ትላለች። ይህን ሳልሰማ ሳጥኑን አልከፍትም። ምክንያቱም መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ቀለበቴ ጠፋ ሲል እውነቱን ይሁን ሕልሙን መለየት አይቻልም። በዚያ ዕለትም የሆነው ይኸው ነው። ነርሷ መነጽራቸውን ስትወስድ ፕሬዚዳንቱ «ያለ መነጽር ሁላችሁም አንድ ዓይነት ትመስሉኛላችሁ። አሁን ሹመት የምትፈልጉ ጠይቁኝ» ብለው ቀልደዋል። ነርሷ «ዕቃ ወጥቷል» አለች። ሳጥኑን የከፈትኩት ያኔ ነው። መድኃኒቱን በዓይናቸው ፊት ቀድቼ ሰጠኋቸው። በፎቶግራፉ ላይ መነጽሩ ዓይናቸው ላይ፣ ሰዓቱም ክንዳቸው ላይ ነው። ከጀርባ የሚታየው ሳጥንም ዝግ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፉ የተነሣው መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ይህ ግምት አይደለም።

ፎቶግራፉ ሲወጣ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በመጀመሪያ የተቀነባበረ ነው ብሎ ነበር። ምክር ቤቱ ክስ ሲከፍት ግን ጠበቃቸው ያንኑ ፎቶግራፍ አጉልተው አቀረቡትና እጃቸው ላይ ያለውን መርፌ እያመለከቱ፣ እነሆ ሰውየው በመድኃኒት ውስጥ ናቸው፣ ጸሐፊዋ ተጠቅማባቸዋለች አሉ። ባለቤቴ የፊዚክስ መምህርት ናት። ዜናውን አብረን ስንሰማ «ትናንት ውሸት የነበረው ፎቶ ዛሬ ብቸኛው እውነት ሆነ» አለች። ጸሐፊዋ የታሰሩት በማግስቱ ዓርብ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሙ መምህሬ ወደ ቤቴ መጡ። ከዚህ ቀደም ቤቴ የመጡት ልጅ የተወለደልኝ ጊዜ ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ትምህርት ጠየቁኝና «ፖሊስ ሊጠራህ ነው አሉ» አሉኝ። አዎን አልኩ።

«እንግዲህ አንተ አስተዋይ ልጅ ነህ። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል። አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ የሚያረጋጋው መድኃኒት ቀደም ብሎ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል በል። ሊሆን ይችላል ማለት ውሸት አይደለም።»

«ጋሼ፣ እኔው ራሴ ሰጥቼ እኔው ሊሆን ይችላል እላለሁ?»

«ሥራ ይበዛብሃል፣ ብዙ ሰው ታያለህ።»

«አገር የሚመራ ሰው ግን በየቀኑ አላስተኛም።»

ጸሐፊዋ ያን ያህል እንደማይታሰሩ፣ ቢበዛ ዓመት ሁለት ዓመት እንደሚሆን፣ የእኔ የሥራ ፈቃድ ግን አንዴ ከተነጠቀ እንደማይመለስ ነገሩኝ። ባለቤቴ የልጆቹን ልብስ ስታጥፍ ስለነበር ቀና ሳትል «ጋሼ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ሲሉት እኮ አፍ ላይ ቀላል ነው፤ ስልሳ ዓመት ለሞላት ሴት ስንት እንደሆነ እስቲ ያስሉት» አለቻቸው።

እኔም ያልገባኝን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ትእዛዙን ሲፈርሙ ደንዝዘው ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ ገብተው የቀዶ ሕክምናውን ፈቃድ ያስፈረሟቸው እርስዎ ነዎት። ታዲያ ያስፈረሙት ማንን ነው?»

መምህሬ ባርኔጣቸውን አንሥተው ተነሡ። አስተማሪዬ ናቸውና እስከ ታችኛው ደረጃ ሸኘኋቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ «እኔ እንኳ ቀድሞ ተሰጥቷል አልልም። አላየሁም ነው የምለው» አሉኝ። ይህን የምናገረው እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም። ያስፈራሩኝ ወይም ጉቦ ያቀረቡልኝ እንደሆነ መርማሪው ጠይቆኝ፣ አላደረጉትም ብያለሁ። የመከሩኝ መስሏቸው እንደሆነ አምናለሁ።

መርማሪው ቀጥሎ ፕሬዚዳንቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በማገገሚያ ክፍል ሲነቁ ምን እንደተናገሩ ጠየቀኝ። ስለተያዙት ሰብሳቢ የተናገሩት ነገር ካለ ጸሐፊዋን ነፃ ለማውጣት ሊረዳ እንደሚችልም አስረዳኝ። ፕሬዚዳንቱ ሲነቁ ተናግረዋል፤ አጠገባቸውም ነበርኩ። የተናገሩትን ግን አልናገርም። ከማደንዘዣ እየነቃ ያለ ሰው የሚለውን ማንኛችንም ከክፍሉ ይዘን አንወጣም፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ ማንም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እጃችን ላይ አይተኛም ነበር። መርማሪው «ሴትዮዋ እስር ቤት ናቸው እኮ፣ ዶክተር» አለኝ። አውቃለሁ። ነገር ግን በመድኃኒት ውስጥ ያለ ሰው ፊርማው አይጸናም ካልኩ ቃሉም አይጸናም። አንዱን ይዤ ሌላውን ልጥል አልችልም። ከመድኃኒቱ በፊት የሰማሁትን ሁሉ ግን ሳልቀንስ ተናግሬያለሁ።

ይህ ሁሉ ተጽፎ መርማሪው ካነበበልኝ በኋላ የሚከተለው እንዲጨመር ጠይቄያለሁ። እስካሁን የተጠየቅሁት በአልጋው ዙሪያ ስለሆነው ስለነበር የመለስኩትም ያንኑ ነው። ሲነበብልኝ ግን አንድ ነገር እንደጎደለው አየሁ። ጸሐፊዋ ማኅደሩን ከመኪና ሊያመጡ በወጡ ጊዜ እኔም እጄን ለመታጠብ ወደ መተላለፊያው ወጥቼ ነበር። ጸሐፊዋ ሲመለሱ ወደ ክፍሉ አልገቡም፤ እኔ ዘንድ መጥተው ቆሙ። በአካባቢው ሌላ ሰው አልነበረም።

«ዶክተር፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። ያ የሰኩባቸው ውሃ ልብ ያስታል?» አሉኝ።

አያስትም፤ የጨው ውሃ ነው አልኳቸው።

«ትንሽም? እንዲያው ጥቂት እንኳ አያፈዝዝም?»

«እትዬ፣ እንደ እኔና እንደ እርስዎ ነቅተዋል» አልኳቸው።

ማኅደሩን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ከዚያ «እንግዲያውስ ሰበብ አጣሁ» አሉና በሩን ገፍተው ገቡ።

መርማሪው ጸሐፊዋ በሰጡት ቃል ውስጥ ይህ ንግግር እንደሌለ ነግሮኝ፣ ለምን የተዉት እንደሚመስለኝ ጠየቀኝ። የሌላ ሰው ዝምታ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ላውቅ አልችልም። የማውቀው ትእዛዙ ከመፈረሙ በፊት የታካሚውን ሁኔታ መጠየቃቸውን፣ የጠየቁትም እኔን መሆኑን ነው። በዚያን ጊዜ ትንሽ ያፈዝዛል፣ ነገ ይሁን ብያቸው ቢሆን ኖሮ ማኅደሩ ሳይከፈት ሊመለስ ይችል እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። የመለስኩላቸው ግን እውነቱን ነበር፤ ዛሬም የምለው ያንኑ ነው። እንግዲህ ፕሬዚዳንቱ ደንዝዘው ነበር የሚባል ከሆነ፣ ነቅተዋል ብዬ ያረጋገጥኩላቸው እኔ ስለሆንኩ ከጸሐፊዋ በፊት መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ነቅተው ነበር የሚባል ከሆነ ደግሞ ጸሐፊዋ እስር ቤት የሚያድሩበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት ነው። ያየሁትን አየሁ፣ ያልሰማሁትን አልሰማሁም፣ የማልናገረውን አልናገርም ብዬ ለይቼ አስጽፌያለሁ። ራሴም አንብቤው ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ በየገጹ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው ዋና መርማሪ ፊርማ ____________

ቃሉ ሲነበብ የተገኘ ታዛቢ ፊርማ ____________